ለኮድበርግ ሰዎች፣ ለዚያች ልጅም

የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ለሆነው ለኮድበርግ፣ ወደዚያም ለመራችኝ ልጅ የዘገየ ምስጋና አለብኝ፤ ዛሬ ልወጣው።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የምትቀይር ትንሽ ፕሮግራም አለችኝ። ማንም ይጠቀምባት፣ የፈለገም ያስተካክላት ብዬ ኮዷን ክፍት ለማድረግ ስነሳ ጥያቄው «የት ላስቀምጣት?» ሆነ። መጀመሪያ የገባሁበት የኮድ ማስቀመጫ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ሰባት ወር በሰላም አኖረኝ። አንድ ቀን ግን አውቶማቲክ ሙከራ (ኮዱ በተቀየረ ቁጥር በራሱ የሚፈተሽበት) ለማስኬድ ክሬዲት ካርድ አስገባ አለኝ። ገንዘብ አንቆርጥም፣ ማንነትህን ለማረጋገጥ ብቻ ነው አሉ። ካርዱ ከየት ይምጣ? ኢሜይል ጻፍኩ፤ ለሁሉም የሚላከው ያው ደብዳቤ መጣልኝ። ውጭ ያለ ዘመድ አስቸግር? ለቀን መቁጠሪያ!

ብሶቴን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዘረገፍኩት። አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር መጣች። «ከዚያ ቤት ስትወጣ ምን ይዘህ ነው የምትወጣው?» አለችኝ።

ኮዴን ነዋ፣ አልኳት። ጊት፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ፣ እንደሆነ ክሎን ያደረገ (ቅጂ የወሰደ) ሰው ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይይዛል። «ኢሹዎቹስ?» አለች፤ ሰዎች ስህተት የሚጠቁሙባቸውንና የሚወያዩባቸውን ጽሑፎች ማለቷ ነው።

ዝም አልኩ። ኢሹ ቁጥር 14 ትዝ አለኝ። ፕሮግራሜ መስከረም 1 ቀን 2016ን ሴፕቴምበር 11 ነው ትል ነበር፤ ትክክሉ 12 ነው። እኔ በፈረንጅኛ አስቤ፣ ለአራት የሚካፈለውን ዓመት ነበር ጳጉሜ 6 የሰጠሁት። አንድ ሰው ገብቶ «ወንጌላውያኑን ቁጠር፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ናት፣ 2015 ደግሞ ሉቃስ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ስንት ሰው ተከራከረበት። ያ ውይይት ከኮዱ ይበልጥብኛል፤ ክሎን ሲደረግ ግን አብሮ አይመጣም። ጉግል ኮድ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲዘጋ ስንት ፕሮጀክት ጓዙን ጠቅልሎ መሰደድ እንደነበረበት አስቡት።

ልጅቷ የላከችኝ ወደ ኮድበርግ ነው። በርሊን ያለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማህበር ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማይክሮሶፍት ትልቁን የኮድ ማስቀመጫ ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በተስማማበት ዓመት። የሚተዳደረው በአባላት መዋጮና በልገሳ ነው። የሚሠራበት ሶፍትዌር ፎርጄዮ ይባላል፤ እሱም ራሱ ክፍት ነው። ነገ ኮድበርግ ቢዘጋ እንኳ ያንኑ ሶፍትዌር በራሴ ሰርቨር ላይ መጫን እችላለሁ። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ዝውውሩን ማታ አብረን ሠራነው፤ እሷ በቴሌግራም፣ እኔ ኔትወርክ እየቆራረጠኝ። የድሮውን ሪፖ (የኮዱን ማህደር) አድራሻ አስገባሁ፣ ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) ለጠፍኩ፣ ኢሹ፣ ሌብልና (መለያ ምልክት) ፑል ሪኩዌስት (ሌሎች የላኩት የኮድ ለውጥ) የሚሉት ሳጥኖች ላይ ምልክት አደረግኩ። ተጫንኩት። ገጹ ሲከፈት በቀጥታ ወደ 14 ነው የሮጥኩት። ሉቃስም፣ ክርክሩም፣ የጻፉት ሰዎች የተጠቃሚ ስምም አለ። ካርድ የጠየቀኝ የለም።

ጉድለቱንም ልናገር። አልፎ አልፎ ይንቀራፈፋል። ሰው በብዛት ያለው ጊትሃብ ላይ ስለሆነ፣ ፕሮጀክታችሁ በአጋጣሚ እንዲገኝላችሁ ከፈለጋችሁ እዚያ ኮፒ አስቀምጡ፤ እኔም እንደዚያ አድርጌያለሁ። ዉድፔከር የሚባለው አውቶማቲክ ሙከራ ማስኬጃው ዝም ብሎ አይከፈትም፣ ጥያቄ አቅርባችሁ እስኪፈቀድ መጠበቅ አለ። ደግሞ ቤቱ የተሠራው ለነፃ ሶፍትዌር፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያስተካክለው ለተፈቀደ ማለት ነው። ፈቃዱን የሚገልጸውን የላይሰንስ ፋይል ሳታስገቡ አትሂዱ። የድርጅታችሁን ሚስጥራዊ ኮድ መደበቂያ የምትፈልጉ ከሆነም ሌላ ቦታ ይሻላችኋል።

አዲስ ፕሮጀክት ለምትጀምሩ ግን ኮድበርግን ያለማመንታት እጠቁማችኋለሁ። ያን ሰርቨር ሳይተኙ ለሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንቺንም ስሜን እንዳትጠራ ስላልሽኝ አልጠራሁም። በግዕዝ ቁጥር የምታሳየዋን ክፍል ጽፈሽ ፑል ሪኩዌስት ከላክሽልኝ ሦስት ሳምንት አለፈው፣ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ አየዋለሁ።