ተራኪ ይናገር ወይስ ባለጉዳዩ?

የ7ኛና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሰፈራቸው ችግር የ5 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ነው እንበል። ታሪኩን ማን ይናገር?

ትረካ ይቀላል። ጽሑፉ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ድምፁ ጸጥ ባለ ክፍል ይቀረጻል፣ ከተሳሳቱም ይደገማል። ግን ብዙ ጊዜ በምስል የታጀበ ድርሰት ሆኖ ይቀራል።

ቃለ መጠይቅ ያለፋል። ፈቃድ መጠየቅ አለ፣ የነፋስና የመኪና ድምፅ አለ፣ ረጅም ቅጂ ቁጭ ብሎ ሰምቶ መቁረጥም አለ (አሰልቺው እሱ ነው)። «ውሃ ይጠፋል?» ብለው ከጠየቁ «አዎ»ን ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። «ውሃ የጠፋ ቀን ምን ያደርጋሉ?» ሲሉ ግን ታሪክ ይመጣል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ልጆቹ ማዳመጥን የሚለምዱት እዚህ ነው። ትረካ ካስፈለገ፣ ቁጥርና ቀን ለመንገር ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።