«25 ፓውንድ ይይዛል» ያሉኝ ባለ ማግኔት ማንጠልጠያ፦ ከክሩዙ ወራት በኋላ

ሣጥኑ ላይ በትልቅ ቀይ ቁጥር 25 ፓውንድ ተብሎ ተጽፏል። ከ11 ኪሎ በላይ ማለት ነው። አንዷ ማንጠልጠያ ብቻዋን ያን ያህል ትሸከማለች ነው የሚሉት። አሥር ማንጠልጠያ በአንድ ሣጥን፣ ዋጋው ከ15 ዶላር በታች። ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) የሄደ ዘመድ ሁሉ «እሱን ሳትይዢ እንዳትሄጂ» ብሎኝ ስለነበር ወዲያው ገዛሁት።

ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። በመርከብ ላይም በቤትም ተጠቅሜበታለሁ። አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው። ግን ስለዚያ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከባልቲሞር ወደብ ወደ ባሃማስ። እኛ ያለነው ሜሪላንድ ስለሆነ አውሮፕላን አላስፈለገንም፣ ሻንጣ መኪና ላይ ጭኖ መሄድ ብቻ ነው። ፆሙ እስኪያልቅ የጠበቅነው ለእማዬ ብለን ነው፣ የቀረበውን ሁሉ ያለ ሐሳብ እንድትበላ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና እማዬ በአንድ ካቢን ገባን። ክፍሏ ጠባብ ናት። አራት ሰው ዋና ልብሱን፣ ፎጣውን፣ ኮፍያውን ሲያወጣ መቆሚያ ጠፋ። ማንጠልጠያዎቹን አውጥቼ ግድግዳው ላይ ጠቅ ጠቅ ሳደርጋቸው እማዬ ደነገጠች። «እንጨት ላይ ምን አጣብቆት ነው?» አለች።

እንጨት ይመስላል እንጂ ብረት ነው። የአብዛኛው የመርከብ ካቢን ግድግዳ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ የብረት ቆርቆሮ ሲሆን ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ውስጡም እሳት የማይበላው የድንጋይ ሱፍ የተሞላ ነው። ባሕር ላይ ከውሃ ይልቅ የሚፈራው እሳት ነውና። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1934 ሞሮ ካስል የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከሃቫና ወደ ኒውዮርክ ስትመለስ ኒው ጀርሲ አጠገብ ተቃጥላ ከ130 በላይ ሰው አልቋል። ውስጧ ያጌጠው በእንጨት ስለነበር እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ነበር የተዛመተው። ከዚያ በኋላ የመርከብ ውስጥ ዕቃ የማይቀጣጠል እንዲሆን ሕጉ እየጠበቀ ሄደ። ዛሬ ማግኔታችን ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ካውያ፣ ሻማ፣ የውሃ ማፍያ ይዛችሁ ስትገቡ የሚወስዱባችሁም ለዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ከኃይል መጨመር የሚከላከለውን ዓይነት ተዉት። ቤት ውስጥ ጥሩ ዕቃ ነው፣ የመርከብ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ከቤቱ የተለየ ስለሆነ እዚያ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ አስጠንቅቋል።

ወደ ማንጠልጠያው ልመለስ።

በሩ አጠገብ ባለችው ላይ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ሰቀልኩ። የእማዬ መድኃኒት፣ አንድ ሹራብና የውሃ ኮዳ ነው ያለው። አራት ኪሎ አትሞላም፣ ሣጥኑ ከሚለው ሲሶውን ብትይዝ ነው። ሌሊት ባሕሩ ትንሽ ተነሳ። ማንጠልጠያዋ ቀስ እያለች ግድግዳውን ይዛ ወረደችና ቦርሳው ከሥሩ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ዱብ አለ። ጠረጴዛዋ ላይ የእማዬ መነጽር ነበር። አንዱ መስታወት ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እጀታውም ተገነጠለ።

የመርከቡ ሱቅ የፀሐይ መነጽር ሞልቶታል። በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ ግን ከየት ይመጣል? እማዬ ጠዋት ጠዋት የጸሎት መጽሐፏን ሳታነብ ቁርስ አትቀምስም። እስክንመለስ ድረስ እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «ተዪው ልጄ፣ ዓይኔ አይደለም የተሰበረው» አለችኝ። እሷ እንዲህ ስትል የኔ ንዴት ባሰ።

እንግዲህ ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እህቴ፣ 25 ፓውንዱ እውነት ነው፣ በላቦራቶሪ የተለካ ነው» ይላል። እውነት መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ጥያቄዬ እንዴት ተለካ ነው። ማግኔቱን ወፍራምና ለስላሳ ብረት ላይ ይለጥፉትና ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ይጎትቱታል። የተላቀቀበት ክብደት ሣጥኑ ላይ ይጻፋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ ግን ማንጠልጠያውን ወደ ፊት አይጎትተውም፣ ወደ ታች ነው የሚስበው። ወደ ታች ሲሆን ማግኔቱን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው፣ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው ኃይል ማለት ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠ፣ በተወለወለ ኒኬል የተለበጠ ማግኔት ምን ሰበቃ አለው? በዚያ ላይ መንጠቆው ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ ሸክሙ የማግኔቱን የላይኛውን ጠርዝ ከግድግዳው እየፈለቀቀ ያነሳዋል።

«ግድግዳችሁ ቀጭን ሆኖ ነው» ሊለኝም ይችላል። ትክክል ነው፣ ቀጭን ብረት የማግኔቱን ኃይል በሙሉ አይቀበልም። የፕላስቲክ ልባጡም በመሐል ይገባና ያዳክመዋል። ነገር ግን ሣጥኑ ላይ የተሳለው ሥዕል የምን ሥዕል ነው? የመርከብ ካቢን ነው! ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቦርሳም አለበት! ለመርከብ ግድግዳ ብለህ ከሸጥክልኝ በመርከብ ግድግዳ ለካልኝ።

ቤት ስንገባ ራሴ ለካሁት። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የምንመዝንባት ትንሽ የእጅ ሚዛን እያንዳንዳችን ቤት አለች። እሷን ማንጠልጠያው ላይ አስገብቼ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን ላይ ሞከርኩ። ቀጥ አድርጌ ወደ ራሴ ስጎትት 7 ኪሎ አካባቢ ላይ ተላቀቀ። ወደ ታች ስጎትት ግን 2 ኪሎ ሳይሞላ መንሸራተት ጀመረ። ከ11 ኪሎ ወደ 2 ኪሎ! ባለቤቴ ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ የስኳር ከረጢት መዘነበት። ሚዛኑ ደህና ነው።

ለሻጩ ጻፍኩለት። ያወጣሁትን ብር ሊመልስልኝ ፈቃደኛ ሆነ። ብሩን እንደማልፈልግ፣ ከ25ቱ ሥር «ወደ ታች ሲሆን ይህን ያህል» የሚል አንድ መስመር እንዲጨምር ነገርኩት። ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣ። ሌላ ነገር የለም። የመነጽሩን ዋጋ አልጠየቅሁም፣ አሁንም አልጠይቅም። የምጠይቀው ያቺን አንድ መስመር ነው። ስንቱ ሰው ነው በዚያ ቁጥር ተማምኖ ከሕፃን አልጋ በላይ ቦርሳ የሚሰቅለው?

መፍትሔውን ያገኘሁት እዚያው ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነው። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማደሪያ ስስ ጎማ በማግኔቱ ልክ ክብ አድርጌ ቆርጬ ከሥሩ አስገባሁ። ማግኔቱ በጥቂቱ ይዳከማል፣ ሰበቃው ግን በጣም ይጨምራል። ወደ ታች የሚይዘው 3 ኪሎ ገደማ ደረሰ። ቅንጥብጣቢ ጎማ ይህን ካደረገ ፋብሪካው ከመጀመሪያው ለምን አልለጠፈበትም? ሳንቲም እንኳን አያስወጣውም። ከሥሩ ጎማ ያለው ዓይነት በገበያ ላይ አለ፣ እሱም ግን ሣጥኑ ላይ ቀጥ ብሎ የተጎተተበትን ቁጥር ነው የሚጽፈው።

ሌላው መላ ጣራው ነው። የካቢኑ ጣራም ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ጣራ ላይ ስትለጥፉት ሸክሙ ቀጥ ብሎ ስለሚስብ ማግኔቱ ከግድግዳው በጣም የተሻለ ይይዛል። እርጥብ የዋና ልብስ ለማስጣት ከጣራው የሚሻል ቦታ አላገኘሁም። ሰው ራስ በላይ ግን ከባድ ነገር እንዳትሰቅሉ። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ አንዳንዱ መርከብ ላይ ፕላስቲክ ስለሆነ ማግኔት አይቀበልም።

ቀላል ቀላል ዕቃ ላይ የሚወጣለት እንከን የለም። የእማዬ ነጠላ ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሎ ሳይጨማደድ ከረመ። ኮፍያዎቹ፣ የክፍሉ ካርድ፣ የየዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ እንኳን ወለሉ ነፃ ስለሆነለት ደስ ብሎት ነበር።

ከወራት በኋላ የታየ ሌላ ነገር ዝገት ነው። እነዚህ ማግኔቶች ኒዮዲሚየም ናቸው፣ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የሚሠሩ። ጠንካራ ናቸው፣ ግን እርጥበት አይወዱም። የሚጠብቃቸው ያ የሚያብለጨልጨው የኒኬል ቅብ ነው። በረንዳ ላይ የጨው ንፋስ የመታቻት አንዷ ጠርዟ ላይ ቅቧ ተልጦ ነበር፣ አሁን ቡናማ ሆና ዱቄት እየጣለች ነው። ባሕር ላይ ከተጠቀማችሁ በንጹሕ ውሃ ጠርጋችሁ አድርቁ።

ይህን ደግሞ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ብዙ ጊዜ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው አብሯችሁ ካለ ማግኔቱን ከደረቱ አርቁ። ደረት ኪስ ውስጥ መክተት፣ አንገት ላይ ማንጠልጠል የለም። ትንንሽ ልጆችም እጅ እንዳይገባ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ። ለቀልድ የሚተው ነገር አይደለም።

ቤት ውስጥ በቁልፍ፣ በመጋረጃ ማሰሪያና በወጥ ቤት ጨርቅ ላይ እየሠሩ ነው። ፍሪጃችን ላይ ግን እንቢ አሉ። ብዙ አይዝጌ ብረት ውስጡ ኒኬል ስላለበት ማግኔት አይስበውም። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ሦስቱን ልኬላት በብረት በሯ ጀርባ ለጥፋቸዋለች። የበሩ ቆርቆሮ ወፍራም ስለሆነ ከኔ ቤት የተሻለ ይይዛሉ ትላለች። ጃንጥላና ዘንቢል ነው የምትሰቅልባቸው፣ ዘንቢሉ ባዶ ሲሆን ብቻ። ጤፍ ሞልተሽ እንዳትሰቅዪ ብዬ አስምያታለሁ።

ዛሬ ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ ግዙ እላለሁ። ትናንት የእማዬን አዲስ መነጽር ስከፍል ብትጠይቁኝ ኖሮ አትግዙ ነበር የምለው፣ ምናልባት ነገም እንደዚያው እል ይሆናል። ዕቃው ጠባብ ካቢን ውስጥ የሰጠንን ቦታ ማንም አይሰጠንም፣ ይህን አልክድም። የጻፉበትን ቁጥር ግን ለአምስት አካፍላችሁ ውሰዱት፣ 25 ካለ 5 ፓውንድ ነው ብላችሁ። ከሥሩ ጎማ ያለውን ምረጡ። መንጠቆው አጭርና ወደ ግድግዳው የተጠጋ ይሁን፣ ረጅም ከሆነ ይፈለቀቃል። ከመስቀላችሁ በፊት በእጃችሁ ወደ ታች ጎትታችሁ ሞክሩት። ከሥሩም ምንም የሚሰበር ነገር አታስቀምጡ፣ ቦርሳውን ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡት።