ለአንዲት የስቶማ ነርስ ምስጋና፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃቸው ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሬክተም፣ ማለትም ከፊንጢጣ በላይ ባለው የመጨረሻው የአንጀት ክፍል፣ በተገኘ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን አባቴን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምረው ስቶማቸው (ሰገራ እንዲወጣበት በቀዶ ሕክምና ሆድ ላይ የሚሠራ ቀዳዳ) እስኪዘጋ ድረስ ለተከታተሏቸው የስቶማ ነርስ ምስጋናዬን በይፋ ለማቅረብ ነው። ተመሳሳይ ሕክምና የሚጠብቃቸው ሰዎችም እንዲህ ያለ ባለሙያ መኖሩን አውቀው አስቀድመው እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። ሲስተር ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ፤ ሥራቸውን ከመዘርዘር ግን አልከለከሉኝም።

የቀዶ ሐኪሙን ድርሻ ለማሳነስ አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ሂልድና ባልደረቦቻቸው በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሬክተምን በዙሪያው ካለው የስብ ሽፋን ጋር ሳይቀደድ አንድ ላይ ማውጣት ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ ተመልሶ እንዳይመጣ ወሳኝ መሆኑን ካመለከቱ ወዲህ ይህ አሠራር በብዙ አገሮች መደበኛ ሆኗል። የአባቴ ቀዶ ሕክምናም በዚሁ መንገድ የተከናወነ ሲሆን፣ የናሙና ምርመራው ሽፋኑ እንዳልተቀደደ፣ ጠርዙ ከካንሰር ነፃ እንደሆነና በትንሹ እንዲመረመሩ ከሚመከሩት 12 ንፍፊቶች በላይ እንደታዩ ገልጿል። ለዚህ ቀዶ ሐኪሙንም ናሙናውን የመረመሩትን ባለሙያም ከልብ እናመሰግናለን። ሆኖም ዕጢው ከወጣ በኋላ ሰውየው በየዕለቱ እንዴት ይኖራል የሚለውን ጥያቄ በዝርዝር የመለሱልን ሲስተር ናቸው።

አባቴ ሰገራ በሆዳቸው በኩል ወጥቶ በከረጢት እንደሚጠራቀም ሲነገራቸው፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ቢሆንም እንኳ ቀዶ ሕክምናው ይቅርብኝ እስከማለት ደርሰው ነበር። ሲስተር አልተከራከሯቸውም። አንጀቱ ዳሌ ውስጥ ዝቅ ብሎ ሲገጠም ስፌቱ ሊያፈስ እንደሚችል፣ ጊዜያዊ ስቶማ የሚሠራውም ሰገራው በስፌቱ ላይ ሳያልፍ እስኪድን ድረስ መሆኑን አስረዷቸው። ከዚያም በስዊድን 234 ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2007 የታተመ ጥናት ምን እንዳገኘ ነገሯቸው፤ ምልክት ያሳየ የስፌት ማፍሰስ ስቶማ ከተሠራላቸው መካከል በ10.3 በመቶ፣ ካልተሠራላቸው መካከል ግን በ28 በመቶው ላይ ታይቷል። አባቴ ቁጥር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ማባበል ሳይሆን ይህ ንጽጽር ይመስለኛል። በዚያው ዕለት ባዶ ከረጢት ጥቂት ውኃ ተደርጎበት ሆዳቸው ላይ ተለጥፎላቸው፣ ልብሳቸውን ለብሰው እንዲመላለሱበት ተደረገ፤ ከላይ ለሚያያቸው ሰው ምንም እንደማይታወቅ ያረጋገጡትም ያን ጊዜ ነው።

ከሥራቸው ሁሉ በጣም የገረመኝ ስቶማው የሚወጣበትን ቦታ የመረጡበት ጥንቃቄ ነው። አባቴን አስተኝተው፣ አስቀምጠው፣ አቁመውና አጎንብሰው እያዩ፣ የቆዳ እጥፋትን፣ አሮጌ ጠባሳን፣ የአጥንት ጉብታንና ቀበቶ የሚያርፍበትን መስመር እየሸሹ፣ አባቴ ራሳቸው ሊያዩትና በእጃቸው ሊደርሱበት የሚችሉት ቦታ ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት አደረጉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ሳለ ደህና የሚመስል ቦታ ሲቀመጥ እጥፋት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከረጢቱም አልጣበቅ ይላል፣ የሚያፈሰው ሰገራ ደግሞ ቆዳውን ያቆስላል። ቦታው በሠለጠነ ባለሙያ አስቀድሞ ምልክት የተደረገላቸው ታካሚዎች ከስቶማ ጋር የተያያዙ ችግሮች እንደሚቀንሱላቸው በተለያዩ ጥናቶች ተመልክቷል። ይህ ሙያ ራሱን ችሎ የቆመው ኖርማ ጊል የተባሉ፣ ራሳቸው ስቶማ የነበራቸው አሜሪካዊት፣ በ1958 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከቀዶ ሐኪማቸው ከሩፐርት ተርንቡል ጋር ሥራ ከጀመሩ በኋላ እንደሆነ ያጫወቱንም ሲስተር ናቸው። ሙያውን የመሠረተው ችግሩን በራሱ ገላ የሚያውቅ ሰው መሆኑ አባቴን ሳያጽናናቸው አልቀረም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተማርነው ብዙ ነው። ጤነኛ ስቶማ ቀይና እርጥብ እንደሚሆን፣ ሲነካ እንደማያም፣ ከጠቆረ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደሚያስፈልግ አስተማሩን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስቶማው እየጠበበ ስለሚሄድ በየጊዜው መለካትና የከረጢቱን ቀዳዳ በልኩ መቁረጥ እንዳለብንም አሳዩን። ከሁሉ አጥብቀው ያስጠነቀቁን ስለ ፈሳሽ ነው። የአባቴ ስቶማ ከትንሹ አንጀት የወጣ ስለነበር ትልቁ አንጀት ይመጠው የነበረው ውኃና ጨው አብሮ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ስቶማ ያላቸው ሰዎች ወደ ሆስፒታል ተመልሰው ከሚገቡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው። ብዙ ሲወጣ ተራ ውኃ ብቻ መጠጣት የጨውን መጓደል ስለማይተካ ኦ አር ኤስ እንድናዘጋጅ፣ የሚወጣውን እየለካን እንድንመዘግብና በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ካለፈ እንድንደውል አዘዙን። አንድ ቀን በእርግጥም አለፈ። ስንደውል ሲስተር ስለ ማዞር፣ ስለ ሽንት መጠንና ስለ ምግቡ አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ቀዶ ሐኪሙን አማክረው በዚያው ዕለት ደም እንዲመረመርና መድኃኒት እንዲጀመር አደረጉ፤ አባቴም መተኛት ሳያስፈልጋቸው ተሻላቸው።

ስቶማው ሲዘጋ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል ብለን እንዳናስብ አስቀድመው የነገሩንም እርሳቸው ብቻ ናቸው። ሬክተም ሰገራን የሚያጠራቅም ክፍል በመሆኑ፣ ከወጣ በኋላ ቶሎ ቶሎ መውጣት፣ ድንገተኛ ጥድፊያ፣ አንዳንዴም ማምለጥ ያጋጥማል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2012 ለዚህ የችግሮች ስብስብ አጭር የመለኪያ መጠይቅ አሳትመዋል፤ ሲስተርም አባቴን በዚያ እየጠየቁ ለውጡን ይከታተሉ ነበር፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም አስተምረዋቸዋል። በእኔ አስተያየት ስለዚህ ጉዳይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አለመናገር ታካሚውን ከጭንቀት አያድነውም፤ ኋላ ብቻውን እንዲያፍር ያደርገዋል እንጂ።

ሌላው የማደንቅላቸው የሚያውቁትን ከልኩ አለማሳለፋቸው ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ከኬሞቴራፒ በኋላ በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ ቢታከልበት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ እንደሚቀንስ በ2025 ይፋ የሆነ፣ 889 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አሳይቷል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በእንቅስቃሴው ቡድን 80.3 በመቶ፣ በሌላው ቡድን ደግሞ 73.9 በመቶ ነበሩ። ይህን ሰምቼ በደስታ ስነግራቸው፣ ጥናቱ ሬክተምን ሳይሆን ከዚያ በላይ ያለውን የአንጀት ክፍል ካንሰር የሚመለከት መሆኑን አስታውሰው፣ መራመዱ ለአባቴ እንደሚጠቅማቸው፣ ያን ቁጥር ግን የእርሳቸው አድርገን እንዳንወስደው መከሩን።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው፦ የሬክተም ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላችሁ ወይም ቤተሰባችሁ የተያዘለት ካላችሁ፣ ከቀኑ አስቀድማችሁ ስቶማ ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ ቦታውን ማን ምልክት እንደሚያደርግ፣ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ ለማን እንደምትደውሉና ጊዜያዊ ከሆነ መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁ። ከፍ ብሎ ባለው የአንጀት ክፍል ላይ ካንሰር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ስቶማ ስለማያስፈልጋቸው ይህ ሁሉ ላይመለከታቸው ይችላል። በምትታከሙበት ተቋም የስቶማ ነርስ ከሌለ ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ቦታ ካለ ባለሙያ ጋር እንዲያገናኟችሁ ከመጠየቅ ወደኋላ አትበሉ።

ሲስተር፣ አባቴ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ የሚደረገውን የአንጀት ምርመራ አጠናቀው ውጤቱ ደህና ሆኗል። የደም ምርመራ ክትትላቸውም ቀጥሏል። እርሳቸውም እኛም ከልብ እናመሰግንዎታለን።