ዌብሳይት ላላችሁ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው ዌብሳይቴን ጉግል ላይ እንዲገኝ ያደረገልኝን አንድ ልጅ ለማመስገን ነው፤ እግረ መንገዴንም ለምትፈልጉት ልጠቁማችሁ።

አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የሰርግ ካርድ፣ የምርቃት መጽሔት፣ ቢዝነስ ካርድ እናትማለን። ከሦስት ዓመት በፊት ዌብሳይት አሠራሁ። ግን ጉግል ላይ የቤቱን ስም አንድ ፊደል ሳላጎድል ጽፌ ብፈልግ የሚመጣልኝ የሌላ ሰው ማተሚያ ቤት ነው። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ውጭ አገር ያሉ ሙሽሮች ካርድ የሚያዙት ኢንተርኔት ላይ አይተው ነው፣ ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ካልተገኘህ ጥር አመለጠህ ማለት ነው።

ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባል ነገር አለ። ጉግል ገጽህን እንዴት እንደሚያየው በነጻ ይነግርሃል። መጀመሪያ ግን ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) የራስህ መሆኑን አረጋግጥ ይልሃል። ረጅም ኮድ ይሰጥህና ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ) ላይ ቲኤክስቲ ሪከርድ (የጽሑፍ መስመር) አድርገህ አስገባው ይላል። እዚያ ገብቶ መጻፍ የሚችለው ባለቤቱ ስለሆነ ነው። እኔም ዶሜይኑን በገዛሁበት ድርጅት ገጽ ገብቼ ለጠፍኩት። አልተገኘም አለኝ። ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል ሲሉ ስለሰማሁ ጠበቅኩ። ሳምንት ሞላው። ደግሜ አስገባሁ፣ ያው ነው። ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው ጭራሽ ዌብሳይቱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት ብሎ 25,000 ብር ጠየቀኝ።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ገና ቦርሳውን ሳያወርድ፣ "ጋሼ፣ ኔምሰርቨሩ የት ነው ያለው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ለካ የዶሜይኑን ዲኤንኤስ ይዞ ለጠየቀው የሚመልሰው ሰርቨር ነው። ላፕቶፑን ወረቀት መቁረጫው አጠገብ አስቀምጦ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ከፈተና የዶሜይኔን ስም ጻፈ። ሁለት መስመር መጣ። ሁለቱም የሆስቲንጉ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት) ድርጅት ናቸው እንጂ ዶሜይኑን የገዛሁበት አይደሉም። "እርስዎ የለጠፉት የድሮው ቤት በር ላይ ነው፤ ጉግል የሚያንኳኳው አዲሱን ቤት ነው" አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለፋ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የሆስቲንጉ አካውንት የት እንዳለ ደግሞ ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። የድሮ ኢሜይሌን አስከፍቶ የክፍያ ደረሰኝ እንድፈልግ አደረገኝ፤ ተገኘ። ፓስወርድ ሲጠይቅ፣ "እርስዎ ይጻፉት፣ ለኔም ቢሆን አይንገሩኝ" አለና ጽፌ እስክጨርስ ፊቱን ወደ ቤቱ መስኮት አዞረ። ይህ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ስንቱ ነው ፓስወርድ ተቀብሎ የሚጠፋው!

ገብተን ስናይ አንድ ቲኤክስቲ ሪከርድ ቀድሞ አለ፣ ኤስፒኤፍ የሚል። እኔ እሱን አጥፍቼ በቦታው ልጽፍ ስል፣ "ኧረ ጋሼ እንዳይነኩት!" አለ። በድርጅቱ ስም ኢሜይል መላክ የሚችለው የትኛው ሰርቨር እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው ለካ። ቢጠፋ ለደንበኛ የምንልከው ሁሉ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ኤስፒኤፍ አንድ ብቻ ነው መሆን ያለበት፣ ሌላ ቲኤክስቲ ግን ከጎኑ የፈለጉትን ያህል መጨመር ይቻላል። ምንም ከመንካታችን በፊት ገጹን በሙሉ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ከዚያ ጨምር የሚለውን አስነካኝ። የስም ቦታው ላይ ሙሉ ዶሜይኑን ልጽፍ ነበር። ገጹ ራሱ ከኋላ ይጨምረዋል፣ ሁለት ጊዜ ይሆንብዎታል ብሎ @ ብቻ አስጻፈኝ፤ ዶሜይኑ ራሱ ማለት ነው። ኮዱን ስለጥፍ መጨረሻው ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አብራ መጥታ ኖሮ እሷንም አስጠፋኝ። ቲቲኤሉን (ሌሎች ሰርቨሮች መረጃውን ምን ያህል ጊዜ ይዘው እንደሚቆዩ የሚናገረውን ቁጥር) እንዳለ ተውነው። ማኪያቶ አዘዝኩ። ሳንጨርሰው ጥቁሩ መስኮት ላይ ኮዱ ብቅ አለ። ያኔ ነው አረጋግጥ የሚለውን ያስጫነኝ፤ አረንጓዴ ምልክት መጣ።

አለቀ ብዬ ሂሳብ ላወጣ ስል ግን፣ "ይሄ ባለቤትነትዎን ነው ያረጋገጠው እንጂ ፍለጋ ላይ አያወጣዎትም። የሰርች ኮንሶሉ ሪፖርት ይሙላና ዓርብ እመጣለሁ" አለኝ። ዓርብ መጣ። ሪፖርቱ ጉግል ገጾቹን አግኝቷቸዋል፣ ግን እንዳያወጣቸው ተከልክሏል ይላል። ዎርድፕረስ (ዌብሳይቱ የተሠራበት ፕሮግራም) ሴቲንግ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ገጽ እንዳይመዘግቡ የምትል አንዲት ሳጥን አለች። ዌብሳይቱ ሲሠራ ምልክት ተደርጎባት በዚያው ተረስታለች። ሦስት ዓመት! ምልክቱን በራሴ እጅ አስነሳኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት የቤታችን ስም መውጣት ጀመረ። ትናንት ደግሞ ከዋሽንግተን አንዲት ሙሽራ "ጉግል ላይ አግኝቻችሁ ነው" ብላ 200 ካርድ አዘዘች።

ለሁለቱም ቀን የተቀበለኝ 1,500 ብር ነው። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። ጉግል በየጊዜው ተመልሶ ስለሚያይ ሪከርዱ መጥፋት የለበትም ብሎ፣ ከተራረፈ የካርድ ወረቀት ላይ "ይህ ሪከርድ አይጥፋ" ብሎ ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎልኝ ሄደ። አሁንም እዚያው አለ።

የኔ ልጅ፣ ይህን ካየኸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህ ይባረክ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ስድስት ኪሎ ከሆናችሁ ያላችሁበት ድረስ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ስላለው ከ8 ሰዓት በኋላ ደውሉለት።