ነጠላ ወይስ ጥንድ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ባድሚንተን ስንጫወት የማይቀር ክርክር አለ። ፕሮፌሽናል ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?

ነጠላ ላይ ሜዳው የብቻህ ነው። ስፋቱ 5.18፣ ርዝመቱ ከተጋጣሚህ ወገን ጋር 13.4 ሜትር። እግርና ሳንባ ይፈልጋል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጥሩነቱ፣ ማንንም አትጠብቅም።

ጥንድ ሌላ ዓለም ነው። ሜዳው ወደ 6.1 ሜትር ይሰፋል፤ ግን ለሁለት ነው። ሩጫው ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። አንዱ ከኋላ በኃይል ይመታል፣ ሌላው መረቡ አጠገብ ያደባል። ላባዋ ኳስ 5 ግራም ገደማ ብትሆንም ዓይንህን እስክትጨፍን ታልፍሃለች። ችግሩ፣ አጋርህ ጉልበቱን ከተጎዳ ያንተም ዓመት አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ትዳር በለው! ሲሰምር ግን ሌላ ነው። የታይዋኖቹ ሊ ያንግና ዋንግ ቺ-ሊን በቶኪዮም በፓሪስ 2024ም የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰዱ። በወንዶች ጥንድ በተከታታይ ያሸነፈ ከእነሱ በፊት አልነበረም። ደግሞ ጥንድ ሁለት በር አለው። የቻይናዋ ጋኦ ሊንግ በሴቶች ጥንድም በድብልቅም (ወንድና ሴት) የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላት።

እኔ? ጥንድ። ብቻዬንማ 10 ነጥብ ሳይሞላ ጥላ ፍለጋ እሄዳለሁ።