ለቀይ ቀበሮ ከፍዬ ድንጋይ አይቼ መጣሁ

ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ አምባን አይቶ የሚመለስ የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለድርጅቱ ከአምስት ሁለት፣ ለአስጎብኚው ልጅ ከአምስት አምስት።

መጀመሪያ ምሬቴን ልጨርስ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተብሎ መኪናው የመጣው 1:40 ላይ ነው። ምሳ ተካቷል የተባለው የቀዘቀዘ ፍርፍርና አንድ አንድ ሙዝ ሆነ። ወደ 4,000 ሜትር እንደምንወጣ እያወቁ ራስ ያማል፣ ውሃ ጠጡ፣ ወፍራም ልብስ ያዙ ያለን ሰው የለም። በአዳማ ጃኬቴ ወርጄ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሾፌሩ የራሱን ጋቢ አልብሶኛል፤ እግዜር ይስጠው።

ሥራዬ ድንጋይ ነው። ኮብልስቶንና የግንብ ድንጋይ ሳቀርብ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ሳነቴን የመረጠችው ጂኦሎጂ የምትማረው ልጄ ናት፤ እኔ ግን የከፈልኩት ለቀይ ቀበሮ ነው። ቀበሮዋን ከሩቅ፣ ያውም ጀርባዋን አየሁ። ጅብራ የሚሉት ረጅሙ የደጋ ተክል ያምራል። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ መኪና ይወጣል፤ እዚያ ግን ነፋሱ አስር ደቂቃ አላስቆመንም።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስጎብኚው ልጅ መኪናውን አስቁሞ በእግር ወደ አንድ የቋጥኝ ሰልፍ ወሰደን። ሜዳው ላይ ጉብ ጉብ ብለው ተደርድረዋል፤ ከአጠገባቸው የተናዱበት ገደል የለም። እኔ በልማዴ በዓይኔ ለካሁ፣ ትልቁ ተፈልጦ አንድ ሲኖትራክ ይሞላል። «ይሄን ማን አምጥቶ አራገፈው?» ስለው ሳቀና «በረዶ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ግግር በረዶ ቁልቁል ሲንሸራተት ድንጋዩን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሲቀልጥ ጭነቱን ዳር ላይ ጥሎት ይቀራል። ሞሬን ይሉታል። ይህን ልጄ መንገድ ላይ ነግራኛለች። ያላመንኩት ቋጥኙ የተራገፈበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል ሲሉኝ ነው። በሃያ ዓመት ሥራዬ ዕድሜውን የነገረኝ ድንጋይ አልገጠመኝም።

አስጎብኚው አስረዳኝ። ከህዋ የሚመጣ ጨረር መሬትን ሌት ተቀን ይደበድባል። ቋጥኙ ከተራራው ሆድ ወጥቶ ሰማይ ካየበት ቀን ጀምሮ ጨረሩ የላይኛው ቆዳው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ፖታሲየም እየመታ ክሎሪን 36 የሚባል ብርቅ አተም ይሠራል። የተጠራቀመውን ላቦራቶሪ ውስጥ መቁጠር ነው። ሌላ አገር ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት ኳርትዝ ውስጥ የሚገኘውን ቤሪሊየም 10 ነው፤ የባሌ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ለዚያ የሚሆን ኳርትዝ የለውም።

ያኔ ገባኝ። ሳይት ላይ ሲሚንቶ የምንሸፍንበት ሰማያዊ ሸራ አለ፤ ፀሐይ የነካው ፊቱ ይገረጣል፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለው አዲስ እንደሆነ ይቆያል። መገርጣቱን አይቼ ስንት ወር እንደተዘረጋ እናገራለሁ። «ቋጥኙ ተገላብጦ ከሆነስ? ቆዳው ተልጦ ከሆነስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ለዚያ ነው ትልቅና መሬት የያዘ ድንጋይ መርጠው፣ ከአናቱ ትንሽ ፈልጠው የሚወስዱት። አንዱን ብቻ አያምኑም፣ ከአንድ ሰልፍ ብዙ ይለካሉ» አለኝ። እኔም አንድ ናሙና አይቼ የድንጋይ ካባ ውል አልፈርምም።

በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ጥናት እንደሚለው የኢትዮጵያ ተራሮች በረዶ ከፍተኛ ስፋቱ ላይ የደረሰው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ዘመን ጣሪያ ከ26,000 እስከ 19,000 ዓመት በፊት ያለው ነው፤ የኛው ቀድሟል ማለት ነው። ያኔ ብርዱ ከዛሬው በ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ይብስ ነበር። በረዶ ግን በብርድ ብቻ አያድግም፣ ከላይ የሚወርድለትም ይፈልጋል፤ የሚወርደው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ አልነጩም። ልጄ ይሄን ስትሰማ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፣ እኔ ደግሞ ጋቢውን እስከ ጆሮዬ ሳብኩት።

ሌላ ቅሬታ፦ ፕሮግራሙ ላይ ፊንጫ ሃበራ ዋሻ ተጽፏል፣ አልሄድንም። መኪናው ስላረፈደ ጊዜ አለቀ። 3,469 ሜትር ላይ ያለ መጠለያ ነው፤ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረውበት ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል። ቁጥሮቹን አስተያዩዋቸው፤ ከበላያቸው በረዶው ተጋድሞ እነሱ እሳት ዳር ነበሩ። ለዚህ ቦታ ብዬ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ በሌላ መኪና።

የምትሄዱ ከሆነ የፓርኩ መግቢያ ለብቻ እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስንቃችሁን ራሳችሁ ቋጥሩ፣ ስለ ድንጋዩ የሚያውቀውን ልጅ ስጡን በሉ። ስለ ቀበሮ ብቻ የሚያወራ ከሰጧችሁ ግማሹን አላያችሁም። ልጁ ጥንቁቅም ነው፤ ለማስታወሻ ብዬ ኪሴ የከተትኳትን ጠጠር አይቶ «ጋሼ፣ ፓርክ ነው» አለና ካነሳሁበት ቦታ አስመለሰኝ።