ምስጋናም ጥቆማም፦ የሪሌን ፍሪሲዮን ላስተካከሉልኝ ጋሼ

ሰላም የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ዓሣ አጥማጆች። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ፤ የሪሌን (የክር መጠቅለያዬን) ፍሪሲዮን፣ ማለትም ዓሣ ሲጎትት ክር በልክ የሚለቀውን ፍሬን፣ ያስተካከሉልኝን። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ እሳቸውም አይወዱም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ሳንዲ ፖይንት፣ ቤይ ብሪጁ አጠገብ ቆሜ አንድ ደህና ሮክፊሽ መንጠቆዬን ዋጠ። (ወረቀቱ ላይ ስሙ ስትራይፕድ ባስ ነው፤ እዚህ ግን ሮክፊሽ የማይለው የለም። ቅርፊት ስላለው እናቴም ትበላልኛለች። ከፖቶማክ ብሉ ካትፊሽ ይዤ ስመጣ ግን «አምባዛህን ይዘህ ወዲያ!» ብላ ከበር ነው የምትመልሰኝ።) ዓሣው ዞር ብሎ መሮጥ ሲጀምር ዘንጉ ጎበጠ፣ ሪሉ ግን ክር አልለቅ አለ። ወዲያው ጧ! ተበጠሰ። ክሩን ረግሜ ቀየርኩት። በሳምንቱ ያው ሆነ። ወደድ ያለ ክር ገዛሁ፣ እሱንም በጠሰው። ሪሉን ይዤ አንድ ሱቅ ብሄድ ልጁ ከእጄ እንኳ ሳይቀበለኝ «እሱን ጣልና አዲስ ግዛ» አለኝ።

ጋሼን የጠቆመኝ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ጋራዥ የሠሩ መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንታቸው ውስጥ ሪል ይፈታሉ። የኔን ከመፍታታቸው በፊት አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ የምንመዝንበትን ባለመንጠቆ ሚዛን አምጥተው የክሩን ጫፍ አሰሩበትና «በል ቀስ ብለህ ጎትት» አሉኝ። 5፣ 8፣ 11 ፓውንድ ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ስፑሉ (ክሩ የተጠቀለለበት ክብ) ድንገት ተፈናጥሮ ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። ደግሜ ጎተትኩ፣ አሁንም ያው። «አየህ አንተ ልጅ? ክርህ ምን አደረገህ! ፍሪሲዮንህ ነው የሚነክሰው።» ክሬ 20 ፓውንድ ነው፣ ግን ቋጠሮው ላይ ያን ያህል አይችልም፤ ዓሣ ደግሞ እንደኔ ቀስ ብሎ አይጎትትም።

እኛ ድራግ የምንለውን እሳቸው ፍሪሲዮን ነው የሚሉት፤ ሲፈቱት ሳይ ልክ መሆናቸው ገባኝ። በቀጭን ካቻቢቴ ሮንዴላዎቹን የያዘችውን ሽቦ ብድግ አድርገው አወጡና ከስፑሉ ውስጥ ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደሩ። አንዱ ብረት መሃል ባለው ዘንግ ተይዞ አይዞርም፤ ሌላው ጆሮ አለውና ከስፑሉ ጋር ይዞራል፤ በሁለቱ መካከል የሚፋተገው ለስላሳው ይገባል። ለስላሳ መሆን የነበረበት ማለቴ ነው። የኔዎቹ የፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ መሰል ጨርቅ) ነበሩ፣ እንደ ድርቆሽ ደርቀዋል። ብረቶቹ ላይ ጨውና ዝገት ተጋግሯል። ጋሼ አንዱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ምን ነፍተህበታል?» አሉ። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ነበር። ያንን ስነፋ ለካ የነበረውን ቅባት አጥቤ ማውጣቴ ነው። መሬት መሬት አየሁ።

የሮንዴላዎቹን ልክ ወስደው የካርቦን ፋይበር አዘዙልኝ። ካርቦን ሙቀት ይችላል፣ እንደ ፌልት ተጨፍልቆ አይቀርም። ብረቶቹን መስታወት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሷቸው። ከዚያ የድራግ ግራሶ በጣታቸው ጫፍ ቀብተው መልሰው ጠረጉት። «ምነው ጠረጉት?» ብላቸው «ቂጣ እየቀባን አይደለም» አሉኝ። ስንጨርስ ሚዛኑን መልሰን አሰርን። 5 ተኩል ላይ ያዘ፤ እየጎተትኩ ክፍሉን አቋርጬ ደረጃው ድረስ ሄድኩ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ሮንዴላው 15 ዶላር አልሞላም፣ ለእጃቸው 25 ከፈልኩ። ጨምሬ ብሰጣቸው ሊቆጡኝ ምንም አልቀራቸውም።

ምክሩ ነፃ ነው፣ ለናንተም ላካፍላችሁ። ድራጉን ከክሩ አቅም ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው አስተካክሉ፣ በእጅ ግምት ሳይሆን በሚዛን፤ ለ20 ፓውንድ ክር ከ5 እስከ 6 ተኩል ግድም መሆኑ ነው። ቤት ስትገቡ ድራጉን አላሉት፤ ተጠብቆ ከከረመ፣ በተለይ ፌልት ከሆነ፣ ተጨፍልቆ ይቀራል። ሪሉን ስታጥቡ ግን ውሃ እንዳይገባ መጀመሪያ ድራጉን አጥብቁ፣ በጎማ አትርጩበት፣ በቀስታ አፍስሱበት፣ ሲደርቅ መልሳችሁ አላሉት። እኔን ያስገረመኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ ዓሣው ብዙ ክር ይዞ ሲሄድና ስፑሉ ላይ ያለው ጥቅል ሲቀጥን ድራጉ ሳትነኩት ራሱ ይከብዳል። የጥቅሉ የክብ ስፋት (ዲያሜትሩ) በግማሽ ከቀነሰ ክሩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። እኛ ግን ልክ በዚያች ሰዓት ነው «ሊያመልጠኝ ነው» ብለን የምናጠብቀው! ስንት ዓሣ እንደዚያ ሸኝቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ፈጣን አይደሉም፤ የኔ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። ወሬም ይወዳሉ፣ ስለዚህ ቸኩላችሁ አትሂዱ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ አትደውሉ። ሪሉን ደግሞ አጥባችሁ ውሰዱ። እኔ ሁለተኛውን ሪሌን አሸዋው እንኳ ሳይራገፍ ይዤላቸው ሄጄ በሩ ላይ አቁመውኛል፣ ልክ እንደ እናቴ።